አሪቲ የመሰለው የጓሮ አረም፦ ማግወርት የሚሸተት ነው ወይስ የሚጠጣ?

ሰላም_ሜሪላንድ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ናት። ከቤታችን ጀርባ አጥሩ ሥር አንድ አረም አለ። በየዓመቱ እነቅለዋለሁ፣ በየዓመቱ ብሶበት ይመጣል። እማዬ ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችና «አሪቲ ነው እንዴ እንዲህ እየነቀላችሁ የምትጥሉት?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር ከረከቦቱ ጎን በብርጭቆ ውሃ ይቀመጣል። ቤቱም ደስ የሚል ሽታ አለው፣ አልዋሽም።

ግን ነገሩ እዚያ ላይ አልቆመም። ቅጠሉን አድርቃ ማሰሮ ሞልታለች። ማታ ማታ ሆዷን ሲነፋት አፍልታ ትጠጣለች። ታናሽ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ማቅለሽለሹ አልለቃት ብሏል። «ለሷም በሲኒ ልስጣት፣ ሆዷን ያረጋጋላታል» እያለች ነው። የስልኬ የዕፅዋት መለያ አፕ «ማግወርት» ይለዋል። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አንዱ ሕልም ያሳያል ይላል፣ አንዱ የወር አበባ ያመጣል ይላል፣ አንዱ መርዝ ነው ይላል። እማዬ ደግሞ ልቧ ምት ስለሚስት ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች።

ማግወርትና አሪቲ አንድ ናቸው? ቢጠጣስ ምን ይላል?

ጉሊት፦

መጀመሪያ ለእህትሽ አትስጧት። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ቅጠል_ለቃሚ፦

ጉሊት ልክ ነው። እኔ ስለ ተክሉ ልጀምር፤ ምን እንደያዝን ሳናውቅ ስለ ጥቅሙ ብናወራ ዋጋ የለውም።

አርቴሚሲያ የሚባል ትልቅ የዕፅዋት ወገን አለ። በዓለም ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉት። የእኛ አሪቲ ከዚያ ነው። በደጋው በየአጥሩና በየማሳው ዳር የሚበቅለው ጭቁኝም ከዚያ ነው። ለወባ መድኃኒት የሚቀመምበት የቻይናው አርቴሚሲያ አኑዋም እንዲሁ። የአውሮፓው መራራ ቅጠል፣ አብሳንት የሚባለው መጠጥ የሚሠራበት፣ እሱም ዘመዳቸው ነው። የአንቺ አረም ማግወርት ከሆነ ሳይንሳዊ ስሙ አርቴሚሲያ ቩልጋሪስ ነው። የአንድ አያት የልጅ ልጆች በያቸው። ይመሳሰላሉ፣ ሽታቸውም ይቀራረባል፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ማግወርት አሜሪካዊ አይደለም። ከአውሮፓና ከእስያ የገባ ነው። በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል መንገድ ዳር፣ ባቡር ሐዲድ ዳር፣ የተቆፈረ መሬት ባለበት ሁሉ ታገኚዋለሽ። አልጠፋ ያለሽ ከሥር በሚሄደው አግዳሚ ሥሩ ስለሚራባ ነው። ቁራጭ ከቀረች በቂው ነው።

አፑን ብቻ አትመኚ። እንዲህ አድርገሽ እዪ፦ ቅጠሉን ገልብጪው። ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ነጭ፣ ጥጥ የለበሰ የሚመስል ከሆነ ማግወርት ነው። ጀርባውም አረንጓዴ ከሆነና ሽታው እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ ራግዊድ ሊሆን ይችላል፤ አፍንጫ የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ግንዱ ልሙጥ ሆኖ ሐምራዊ ነጠብጣብ ካለበት፣ ቅጠሉም እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ ከሆነ ደግሞ እጅሽን አንሺ። እሱ ሄምሎክ ነው፣ ገዳይ መርዝ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ መንገድ ዳር ሞልቷል።

ሰላም_ሜሪላንድ፦

አሁን ወርጄ አየሁት። የቅጠሉ ጀርባ ነጭ ነው፣ በጥፍሬ ስፍቀው ነጩ ይላጣል። ግንዱ ቀላ ያለ ነው ግን ሸንተረር አለው፣ ነጠብጣብ የለውም። ሽታው አሪቲም፣ ካምፎርም ይላል።

እማዬ ከኋላዬ ቆማ «ቅጠል ስትገለብጪ ነው እንዴ የምትውዪው?» አለችኝ።

ቅጠል_ለቃሚ፦

በቃ ማግወርት ነው። ለእማማ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የፋርማሲዋ_ልጅ፦

እህቴ፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ ስለዚህ ያንን ማሰሮ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። በአጭሩ ልመልስልሽ ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ስለ እህትሽ። ማግወርት በአውሮፓም በእስያም ለዘመናት የቀረ የወር አበባ ለማምጣት ሲሰጥ የኖረ ቅጠል ነው። «የወር አበባ ያመጣል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ማህፀንን ያነቃቃል ተብሎ ስለታመነ ነው። ጽንስ ለማስወረድም ተጠቅመውበታል። ነፍሰ ጡር ላይ ማንም ደፍሮ አይሞክረውም፣ ስለዚህ «ይሄን ያህል ሲኒ ምንም አይልም» የሚልሽ ማስረጃ የትም የለም። ዕፅዋትን በተመለከተ የሚታተሙ የደህንነት መመሪያዎች እርጉዝ አትውሰደው ይላሉ። የምታጠባም እንዲሁ። ለማቅለሽለሹ ዝንጅብል በመጠኑ ማፍላት ይሻላል። ካላቆመላት ደግሞ የወሊድ ሐኪሟ የሚያዝላት ደህና ክኒን አለ፣ ዝም ብላ መሰቃየት የለባትም።

ስለ እናትሽ። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ከሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ዋርፋሪን ጠባቡ ድልድይ ላይ የሚሄድ መድኃኒት ነው፤ ትንሽ ከበዛ ደም ያፈሳል፣ ትንሽ ካነሰ ደም ይረጋል። ለዚህ ነው በየጊዜው ደሟን የሚመረምሩት። ከዕፅዋት ሻይ ጋር ሲደባለቅ ወዴት እንደሚያጋድል አይታወቅም። ሻዩን ዛሬውኑ ታቁም፣ ለክሊኒኩም ደውለሽ ምን ስትጠጣ እንደቆየች ንገሪያቸው። አትፈሪ፣ አይቆጡም። የሚቆጡት ሲደበቁ ነው።

ሦስተኛው ቱዮን የሚባለው ነገር ነው። ማግወርትን ጨምሮ ብዙ አርቴሚሲያዎች ዘይታቸው ውስጥ አላቸው፣ መጠኑ እንደ ዝርያውና እንደ አፈሩ ይለያያል። በብዛት ሲወሰድ አንጎልን የሚያረጋጋውን ሥርዓት ያግዳል፣ መንቀጥቀጥ ያመጣል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በጭራሽ አይቅመሰው። እ.ኤ.አ. 1997 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ታሪክ አለ። አንድ ወጣት የመራራውን ቅጠል ዘይት በኢንተርኔት አዝዞ አብሳንት መስሎት ወደ 10 ሚሊ ሊትር ጠጣ። ተንቀጠቀጠ፣ ጡንቻው ፈረሰ፣ ኩላሊቱ ሥራ አቆመ። ተርፏል። ያ ዘይት ነው እንጂ ሻይ አይደለም፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን «ተፈጥሮ ነው ምንም አያደርግም» ለሚል ሰው ይህን እነግረዋለሁ።

ረከቦቱ ጎን በብርጭቆ መቀመጡ ግን ችግር የለውም። ቡናችሁን ጠጡ።

የመንዝ_ልጅ፦

ፋርማሲስቷ ይቅርታሽንና፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አያቶቻችን በአሪቲና በጭቁኝ፣ በዳማከሴና በጤና አዳም ነው ያደጉት። ሐኪም ቤት ሳይኖር ሰው ነበረ። አሁን ፈረንጅ መርዝ ነው ስላለ ልንፈራ? ነገ ደግሞ በጠርሙስ አሽገው ይሸጡልናል።

የፋርማሲዋ_ልጅ፦

ወንድሜ፣ ያልከውን አልንቅም። ግን አያትህ አሪቲን እንዴት ነበር የሚጠቀሙት? አስታውሰህ ንገረኝ።

የመንዝ_ልጅ፦

አያቴማ… ቅቤዋ ውስጥ ትጨምረው ነበር፣ ለጠጉር የሚቀባው ለጋ ቅቤ። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ከገበያ በእስር ይመጣል፣ ቄጠማው ላይ ይጣላል። ጉንፋን ሲይዘን ጨምቃ አፍንጫችን ሥር ታሸትልን ነበር። ቡና ላይማ የታወቀ ነው።

ሆዴን ሲቆርጠኝ ግን ጭቁኝ ቀጥቅጣ አጠጥታኛለች። መራራነቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የፋርማሲዋ_ልጅ፦

አየህ፣ የነገርከኝ አብዛኛው ለአፍንጫና ለራስ ነው። ጭቁኙም ቢሆን የታመመ ቀን፣ አንዴ፣ ትንሽ። በየማታው በትልቅ ኩባያ አይደለም። ሊትር ሙሉ አፍልታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ አላጠጣችህም። ያቺ ሴት ቅጠሏን ታውቃለች፣ ከየትኛው አጥር እንደለቀመችው ታውቃለች፣ የልጅ ልጇ ምን ሌላ መድኃኒት እንደሚወስድ ታውቃለች፤ ምንም አይወስድም ነበርና። የሰላም እናት ግን አዲስ አገር ላይ፣ ሌላ ዝርያ፣ ከልብ መድኃኒት ጋር ነው የያዙት። ባህሉ ሽታውን ተከትሎ ወደማያውቀው ቅጠል ከተዛወረ የአያትህ ጥበብ አይደለም።

የመንዝ_ልጅ፦

እሺ፣ ይሄኛው ገብቶኛል። ፈረንጅ የሚለውን ግን አልመልስም 😄

ሺባ_ወዳድ፦

ከሃይፋ ነኝ። እዚህ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ክረምት ሲመጣ የሞሮኮ ቤተሰቦች ሻያቸው ውስጥ ናና አይጨምሩም፣ ሺባ የሚሉትን ብርማ ቅጠል ነው የሚጨምሩት። እሱም አርቴሚሲያ ነው። መጀመሪያ ጎረቤቴ ስታቀርብልኝ ሽታው አሪቲ ስለመሰለኝ እንባዬ መጣ። በየሱቁ ከናናው ጎን ይሸጣል።

ግን አወሳሰዳቸውን ስታዪ አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ለአንድ ጀበና ሻይ ነው። ትነከራለች፣ ትወጣለች። ከዚያ በላይ ካቆዩት ሻዩ አይጠጣም፣ ሐሞት ይሆናል። ጎረቤቴ እርጉዝ ሳለች ነክታው አታውቅም፣ እናቷ አስጠንቅቃታለች። ስለዚህ የነሱም ሽማግሌዎች ያውቁታል ማለት ነው።

ጤና አዳም እንኳ ከእኛ ጋር ነው ያለው፣ በረንዳዬ ላይ በባልዲ ተክዬዋለሁ።

የፋርማሲዋ_ልጅ፦

ጤና አዳም ካነሳሽ አንድ ነገር፦ ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። የበጋ ፀሐይ ላይ ስትለቅሚው ጓንት አድርጊ። እርጉዝ ሴትም አትጠጣው። ለሌላው ሰው ቡና ላይ አንድ ዘለላ መንከር ሌላ ነገር ነው።

ጅዳ_ላይ_ነኝ፦

እዚህም አለ። አረቦቹ ሺህ ይሉታል፣ የበረሃ ነው፣ ለሆድ ያፈሉታል፣ ቤትም ያጥኑበታል። የምሠራበት ቤት እመቤቷ ሆዷን ሲያማት በትንሽ ብርጭቆ ትጠጣለች። እኔንም ጠጪ አለችኝ፣ አንዴ ጎንጨት አልኩ፣ ሁለተኛ አልለመንኩም።

ፍራንክፈርት_ቡና፦

ጀርመኖች ደግሞ ያበስሉታል! ቀልድ አይደለም። ለቅዱስ ማርቲን በዓልና ለገና የሚጠበሰው ዝይ ሆዱ ውስጥ የሚጨመረው የደረቀ ቅጠል እሱ ነው። ሱፐርማርኬት ከቅመማ ቅመሙ ጎን በትንሽ ከረጢት ይሸጣል። ስቡን ያስፈጫል ይላሉ። በአውሮፓ ሆፕ የሚባለው የቢራ ተክል ከመለመዱ በፊት ቢራ ውስጥም ይጨምሩት ነበር።

አማቴ ስትነግረኝ ድሮ ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ሰኔ አጋማሽ መሆኑ ነው በእኛ፣ ገጠር ውስጥ ከቅጠሉ መቀነት ሠርተው ይታጠቁና ማታ እሳት ውስጥ ይጥሉት ነበር። በሽታና ክፉ ነገር አብሮ ይቃጠላል በሚል። ደመራ ትዝ አለኝ።

እንግሊዞችም ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቀረ የድግምት ግጥም አላቸው፣ ዘጠኝ ቅጠል እየጠራ መርዝ የሚያባርር። የመጀመሪያዋ ተጠሪ ማግወርት ናት። ይሄን አማቴ ሳትሆን እኔ ነኝ ያነበብኩት።

ሴኡል_ተማሪ፦

ኮሪያ ስትመጡማ ነው የምታዩት። ሱክ ይሉታል። ፀደይ ሲገባ አሮጊቶች ቢላና ከረጢት ይዘው ሜዳ ላይ ቁጢጥ ብለው ይለቅሙታል፣ ለጋውን ብቻ። ሾርባ ይሠሩበታል፣ በሩዝ ዱቄት አብኩተው አረንጓዴ ኬክ ያደርጉታል። ጣዕሙ መራራ አይደለም ማለት ይቻላል፣ ለጋ ስለሆነ።

የአገራቸው አመጣጥ ተረት ውስጥም አለ። ድብና ነብር ሰው መሆን ፈለጉ። ነጭ ሽንኩርትና ሱክ ብቻ እየበላችሁ ለ100 ቀን ከዋሻ አትውጡ ተባሉ። ነብሩ አልቻለም፣ ወጣ። ድቧ ታግሳ ሴት ሆነች፣ ልጇ የመጀመሪያውን መንግሥት መሠረተ ይላሉ። ነጭ ሽንኩርቱ የእኛም ነው አልኳቸው፣ ሳቁ።

ባህላዊ ሕክምና ቤት ገብቼ ደግሞ የደረቀው ቅጠል እንደ ጥጥ ተፈትጎ፣ በትንሹ ተጠቅልሎ፣ ቆዳ አጠገብ ሲጨስ አይቻለሁ። ቻይናም ያደርጉታል። አንዱ ጓደኛዬ ሆዱ ላይ ክብ የቃጠሎ ምልክት ይዞ ወጣ። ክፍሉ በጭስ የተሞላ ነው፣ አስም ያለበት አይግባ።

ጉሊት፦

ነብሩን አልፈርድበትም።

ህልመኛው፦

ትራስ ሥር ቢያደርጉት ሕልም ያሳያል የሚባለውስ? ቲክቶክ ላይ ሞልቷል። እንደ ሲጋራ ጠቅልለው የሚያጨሱትም አሉ።

ቅጠል_ለቃሚ፦

ሕልሙን የሚያረጋግጥ ጥናት አላየሁም። ሽታው ጠንካራ ስለሆነ እንቅልፍህ ቢቋረጥና ሕልምህን ብታስታውስ አይገርመኝም። ትራስ ሥር ማድረግ አለርጂ ለሌለበት ጉዳት የለውም። ማጨሱን ተወው። ጭስ ጭስ ነው፣ ሳንባህ የቅጠል ዘር አይጠይቅም።

ነሐሴ_ላይ_የማነጥስ፦

አለርጂ ከተነሳ እኔ ምስክር ነኝ። እዚህ ቨርጂኒያ ነሐሴና መስከረም ላይ አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ዓይኔ ይቀላል። ሐኪሟ ቆዳዬ ላይ ሞከረችና ማግወርትና ራግዊድ ነው አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ ጥያቄ አስገረመኝ፦ «ካሮት ጥሬውን ስትበላ አፍህ ያሳክክሃል?» ያሳክከኛል! ሴለሪም እንዲሁ። የማግወርት ብናኝ ውስጥ ያለው ነገር ሴለሪና ካሮት፣ ድንብላልና እንስላል ውስጥ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት ያምታታዋል አለችኝ። አብሽ በየወጡ በሚገባበት ቤት ስለ ቅመም ስትጠይቀኝ መልሴ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ስለዚህ ካምሞሚል ወይም የሱፍ አበባ ዘመድ የማይስማማችሁ ሰዎች ሻዩን አትሞክሩ። እነዚህ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሰላም፣ አረሙን አበባ ሳያወጣ እጨጂው፣ ጎረቤትሽም ይመርቅሻል።

ቆላ_ሰው፦

እኔ ደግሞ ከመተማ በኩል ነኝ። እዚህ ወባ ገድሎናል። ሰዉ አርቴሚሲያ በየጓሮው ተክሏል፣ እያፈላ ይጠጣል። የወባ መድኃኒት ራሱ ከሱ ነው የሚሠራው ይላሉ። ታዲያ የሰላም አረምስ ለወባ አይሆንም? ቅጠሉን ብትልኩልን?

ላብራቶሪ_09፦

ወንድሜ፣ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ይሄንን ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ። በትዕግሥት አንብበኝ።

እውነቱ ግማሽ ነው። መድኃኒቱ ከአርቴሚሲያ አኑዋ ነው የሚወጣው። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ በ1972 ወባ የሚገድለውን ንጥረ ነገር፣ አርቴሚሲኒንን፣ ለይታ አወጣች፣ በ2015 ኖቤል ተሸለመችበት፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። የሚገርመው ፍንጩን ያገኘችው ከ4ኛው ክፍለ ዘመን የሕክምና ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ቅጠሉን አፍሉት አይልም። ውሃ ውስጥ ነክረህ ጨምቀህ ጠጣ ነው የሚለው። እሷ ያኔ ነቃች፤ ሙቀቱ ያበላሸው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት ኢተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው፣ ሠራ። አርቴሚሲኒን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። እኛ ደግሞ ይሄን ሁሉ ትተን ጀበና ላይ እናንተከትከዋለን።

ሁለተኛ፣ በአንድ ሲኒ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ አይታወቅም። የጓሮህ ዘር፣ የለቀምክበት ወር፣ ያደረቅክበት ቦታ ሁሉ ይለውጠዋል። ጥቂት መድኃኒት ትኩሳቱን ያበርደውና የወባው ጥገኛ ተውሳክ ደም ውስጥ ይቀራል። ሰውዬው «ተሻለኝ» ይላል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይወድቃል። ሕፃን ከሆነ ጊዜ የለም፣ ወደ አንጎል ይወጣል። ከዚያ በላይ የባሰው ጥገኛው መድኃኒቱን ይለምደዋል። በምሥራቅ አፍሪካ አርቴሚሲኒንን የሚቋቋም ወባ መታየት ጀምሯል፣ አገራችንም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ቅጠሉን በሻይም ሆነ በደረቅ መልክ ለወባ አልደግፍም ያለው ለዚህ ነው። በ2020 ማዳጋስካር ለኮሮና ከዚሁ ተክል የተሠራ መጠጥ ስታከፋፍልም ድርጅቱ መጀመሪያ ጥናት ይሠራበት ብሏል።

እኛ ጋ ደግሞ መድኃኒቱ አለ። በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ኮአርተም የሚባለው ክኒን ነው የሚሰጠው፣ ቪቫክስ ለሚባለው ዓይነት ክሎሮኩዊን። ሁለቱን በዓይንህ አትለያቸውም፣ በደም ምርመራ ብቻ ነው። ጣትህን ተወጋ፣ ውጤቱን ጠብቅ፣ ክኒኑን ቆጥረህ ጨርስ። ኮአርተምን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰድ፣ በባዶ ሆድ በደንብ አይመጠጥም።

ማግወርቱ፣ አሪቲውና ጭቁኙ ደግሞ ያንን ንጥረ ነገር የላቸውም፣ ካላቸውም ከቁጥር የማይገባ ነው። ከሜሪላንድ ማስላኩን ተወው።

ቆላ_ሰው፦

ገባኝ። ቸግሮን ነው እኮ፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። የጤና ኬላዋ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ቅርብ ናት፣ የደም መመርመሪያ ስትሪፑም አላት።

ላብራቶሪ_09፦

በጣም ጥሩ። ትኩሳቱ በተጀመረ ቀን እሷ ጋ ሂዱ። አርቴሚሲያውን ለትንኝ ማባረሪያ በር ላይ አስቀምጡት ካላችሁ አልከራከርም፣ አጎበሩ ግን ይዘርጋ።

ሰላም_ሜሪላንድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክሊኒኩ ደወልኩ። ነርሷ አልተቆጣችም፣ የምርመራ ቀኗን አስቀድማ ነገ ይዘሻት ነይ አለች፣ ቅጠሉንም በፕላስቲክ ይዘሽ ነይ አለች። የሐኪሙ ትእዛዝ እስኪመጣ ምንም የቅጠል ነገር እንዳትጠጣ።

ለእማዬ መንገሩ ነበር የከበደኝ። መጀመሪያ «አንቺ ከስልክሽ ጋር» አለችኝ። የወር አበባ ያመጣል የሚለውን ስነግራት ግን ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ለእርጉዝማ መራራ አይሰጥም፣ እናቴም ትል ነበር። ይሄ ግን ለሆድ መስሎኝ ነው» አለች። ዝንጅብሉን ራሷ ልጣ ነው ያፈላችላት። እህቴ አንድ ሲኒ ጠጥታ ብስኩት በላች።

የማሰሮውን ቅጠል ምን ላድርገው? ለመጣል አልፈቀደችም።

ጉሊት፦

በጨርቅ ቋጥራችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አንጠልጥሉት። ብል ያባርራል ይባላል፣ ባያባርርም ልብሱ ይሸታል።

የፋርማሲዋ_ልጅ፦

ጥሩ ሐሳብ ነው። ላዩ ላይ «አይጠጣም» ብለሽ በአማርኛ ጻፊበት። የደረቀ ቅጠል በማሰሮ ሲቀመጥ ሁሉም አንድ ይመስላል፣ እንግዳ መጥቶ ጠጅ ሳር ነው ብሎ ያፈላዋል። አጥሩ ሥር ያለው አፈር ምን እንደተረጨበትም አይታወቅም፣ የመንገድ ዳር ከሆነ የባሰ።

ሰላም_ሜሪላንድ፦

እማዬ አሁን የጠየቀችው፦ «እውነተኛው አሪቲ እዚህ አይገኝም?» በሚመጣው መስከረም ያለ አሪቲ እንቁጣጣሽ አላደርግም እያለች ነው። ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ ቢያመጣልን ይቻላል?

ሺባ_ወዳድ፦

የሚያመጣው ሰው ኤርፖርት ላይ ያስመዝግብ፣ ሳይናገር ከተያዘ ይቀጣል። ሥር ያለው፣ አፈር የያዘ ተክልማ ያለ ፈቃድ አይገባም።

ቅጠል_ለቃሚ፦

ዲሲ አካባቢ ያሉ ሐበሻ ሱቆች በበዓል ሰሞን ትኩስ አሪቲ አንዳንዴ ያመጣሉ፣ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። ካገኘሽ ሁሉንም ቄጠማው ላይ አትጣዪው። ሁለት ሦስት ደህና ቅርንጫፍ ለዪ። ከአንጓው ሥር በንጹሕ ቢላ ቁረጪ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፊ፣ አሸዋ የበዛበት እርጥብ አፈር ውስጥ ትከያቸው። ፀሐይ በቀጥታ አይምታቸው፣ ውሃም አይብዛባቸው፣ ይበሰብሳሉ። ሥር ካወጡ በኋላ በሸክላ ማሰሮ አድርገሽ ፀሐይ ወዳለበት መስኮት አውጪው። ውርጭ ሲጀምር ውጭ አታሳድሪው፣ ላይችለው ይችላል። ማግወርቱ አጠገብ መሬት ላይ ግን አትትከዪው፣ በአንድ ዓመት ይውጠዋል።

የመንዝ_ልጅ፦

ሲያድግ አንድ ቅርንጫፍ ለእኔ። ለቅቤ ነው፣ አልጠጣውም።